ተጨማሪ መረጃ፦ ብርድና የመኪና ባትሪ
በአላስካዋ ፌርባንክስ ከተማ በበረዶው ወራት ከመኪኖች ፊት የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሾፌሩ መኪናውን ሲያቆም ገመዱን ሶኬት ላይ ይሰካውና ሞተሩ ሲሞቅ ያድራል። ቅዝቃዜው እዚያ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል! በእንዲህ ያለ ብርድ የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሩን ለማስነሳት ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ የባትሪው ኬሚካዊ አፀግብሮት ደግሞ ስለሚዘገይ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል።

በተለይ አደገኛው ቻርጁ ያለቀ የአሲድ ባትሪ ነው። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ እንኳ በረዶ አይሆንም። ቻርጁ ሲያልቅ ግን አሲዱ ስለሚቀጥን ፈሳሹ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ሲል ይረጋል፤ በረዶው ሰፍቶም ቀፎውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የረጋን ባትሪ ከሌላ መኪና ጋር በኬብል አገናኝቶ ለማስነሳት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ሊፈነዳ ይችላል።