ተጨማሪ መረጃ፦ በአበባ ቤት ውስጥ የሚደበቅ መርዝ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ባቱ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከተማ ሲደርስ፣ በሐይቁ አቅራቢያ የተዘረጉትን የጽጌረዳ ላስቲክ ቤቶች ያያል፤ አብዛኛው አበባም ወደ አውሮፓ ገበያ ይላካል። ይህን አበባ ከተባይ ለመጠበቅ ከሚረጩት መድኃኒቶች መካከል ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ወገን፣ በነርቭና በጡንቻ መካከል መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን ሥራው ሲፈጸም የሚያፈርሰውን ኤንዛይም አስሮ ስለሚይዝ፣ መልእክቱ ያለ ዕረፍት ይደጋገማል፤ በዚህም ላብ፣ ምራቅና እንባ ይበዛሉ፣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሕመሙ ሲጸናም እስትንፋስ እስከ መቋረጥ ይደርሳል።

ብዙ ሰው መርዝ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሙቀት የወዛ ቆዳ ሰፊ በር ነው። ስለዚህ አደጋው በረጪው ላይ ብቻ አይቆምም፤ የተረጨው ሳይደርቅ ገብታ አበባ የምትቆርጠውን ሠራተኛ፣ እንዲሁም የሥራ ልብሱን በቤት የሚያጥበውን ቤተሰብ ይነካል። ጭንብል ብቻውን (እሱንም በላስቲክ ቤት ሙቀት ውስጥ መታገሥ ቀላል አይደለም) አይበቃም።

በሕግ በኩል፣ የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል።