ለስኩባ ጀማሪ ኮርስ መዘጋጀት

ስኩባ ጠላቂው ታምቆ የተሞላ አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ ከላይ የሚመጣ ቱቦ ሳያስፈልገው ውኃ ውስጥ እየተነፈሰ የሚንቀሳቀስበት ዘዴ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን መልክ የያዘውም ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው አየር በሳበ ቁጥር ብቻ የሚለቅለትን መቆጣጠሪያ ከሠሩ ወዲህ ነው።

ለጀማሪዎች በስፋት ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት «ኦፕን ዎተር» ሲሆን፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርትን፣ የገንዳ ልምምድንና አራት የባሕር ወይም የሐይቅ ጥልቂያዎችን አካትቶ፣ ያጠናቀቀውን አዋቂ እስከ 18 ሜትር ድረስ ከጓደኛው ጋር እንዲጠልቅ ያበቃዋል። ተማሪው 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ ይጠበቅበታል፤ ለዋናው የተወሰነ ሰዓት ስለሌለ የሚፈተነው ፍጥነት ሳይሆን መረጋጋት ነው። ስለዚህ ውድ ዕቃ ለመግዛት ከሚጣደፍ ይልቅ ገንዳ የሚመላለስ ሰው በተሻለ ይዘጋጃል። ሌላው ዕቃ በኪራይ ስለሚገኝ አስቀድሞ መግዛት የሚያስፈልግ ነገር ካለ ማስክ ነው፤ ማሰሪያው ሳይጠለቅ ፊት ላይ ተደርጎ በአፍንጫ አየር ሲሳብ ሳይወድቅ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው፤ ጢምና ከሥሩ የገባ ፀጉር ግን ውኃ ያስገባሉ።

ከሁሉ በላይ ክብደት የሚሰጠው የጤና መጠይቁ ነው። ስለ ሳንባ፣ ስለ ልብና ስለ ጆሮ ችግር ለሚቀርቡት ጥያቄዎች «አዎ» የሚል መልስ የሐኪም ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ኮርሱ እንዳያመልጣቸው የሚሸፋፍኑ አይጠፉም፤ ይህ ግን ራስን ማታለል ነው። ምክንያቱም በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውኃው ገጽ እጥፍ ሲሆን፣ በሰውነት ክፍተቶች የታመቀ አየር መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ጠላቂው ወደ ታች ሲወርድ ሕመም ሳይሰማው በፊት አፍንጫውን በጣት ይዞ፣ እንደሚናፈጥ ሰው ቀስ ብሎ አየር እየገፋ የጆሮውን ግፊት ማስተካከል አለበት፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ወደ ጆሮ የሚወስደው የአየር መተላለፊያ ስለሚዘጋ ይህን ማድረግ ያቅተዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይሰፋል፤ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ከጥቂት ሜትር ጥልቀት እንኳ ሳንባው ሊቀደድ ስለሚችል፣ የኮርሱ የመጀመሪያ ሕግ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው።

ከጉዞ ዕቅድ ጋር የሚያያዘው የናይትሮጅን ጉዳይ ነው። በጥልቀት ውስጥ በሰውነት የሟሟው ናይትሮጅን ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ አረፋ ሠርቶ ሕመም ስለሚያስከትል፣ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ጅቡቲ ላይ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ይህ ምክር በመኪና ቢጓዝም ይሠራል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘው ከተማ የአየር ግፊት አውሮፕላን ውስጥ ካለው ብዙ አይርቅምና የመመለሻው ዋዜማ ያለ ጥልቂያ ቢያልፍ ይሻላል።