የልብ ሊምፎማና የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ

ካንሰር ልብንም ሊያጠቃ ይችላል። ከልብ የሚነሱ ዕጢዎች እጅግ አልፎ አልፎ የሚታዩ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚመነጨው ሊምፎማ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ሕመሙ በሚያገረሽበት ጊዜ የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን።

የልብ ሊምፎማ በአብዛኛው የሚያድገው በቀኝ በኩል ባሉት የልብ ክፍሎች ነው። ዕጢው የደምን ፍሰት ያውካል፤ የልብን ምት ያዛባል፤ በልብ ሽፋን ውስጥም ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋል። በዚህም የተነሣ ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። ዕጢው በልብ ጡንቻ ውስጥ ተሠራጭቶ ስለሚያድግ በቀዶ ሕክምና ብቻ ማዳን አይቻልም፤ ዋናው ሕክምና ኬሞቴራፒ ነው። ይሁን እንጂ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን ራሱ የልብን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ዕጢው በፍጥነት ሲሟሟም የልብ ግድግዳ የመበሳት አደጋ አለ።

ሕመሙ ካገረሸ የመድኃኒቱን መጠን እጅግ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ከፍተኛው መጠን ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን ደም የሚመረትበትን መቅኔም ያጠፋል። ንቅለ ተከላው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የሕመምተኛው የራሱ ግንደ ሕዋሳት ከደሙ ተለይተው ይሰበሰቡና በከፍተኛ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ከዚያም ከፍተኛው መጠን ይሰጣል። በመጨረሻም ሕዋሳቱ እንደ ደም በደም ሥር ይመለሳሉ፤ ወደ መቅኔው ገብተውም በሁለት ሳምንት ገደማ ደም ማምረት ይጀምራሉ።

እንግዲህ ብዙዎች እንደሚገምቱት ግንደ ሕዋሳቱ የታመመውን ልብ አይጠግኑም፤ ካንሰሩንም አይገድሉም። ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒቱ ነው፤ ሕዋሳቱ ሕመምተኛውን ከመድኃኒቱ ጉዳት ይታደጉታል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው «ፓርማ» በተሰኘው ጥናት ታይቷል። ሊምፎማ ካገረሸባቸውና በመድኃኒት መሻል ከጀመሩት መካከል፣ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው 53 በመቶው፣ በተለመደው ኬሞቴራፒ ከቀጠሉት ደግሞ 32 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ጥናቱ ግን የልብን ሊምፎማ ለይቶ የመረመረ አይደለም። የልብ ሊምፎማ ብርቅ በመሆኑ ሐኪሞች የሚመሩት ከሌሎች ሊምፎማዎች በተገኘው ዕውቀት ነው። በዚያ ላይ ከፍተኛው መጠን ለደከመ ልብ ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ ከውሳኔው አስቀድሞ የልብ አቅም በጥንቃቄ ይመረመራል። ዛሬ ደግሞ ሊምፎማው ቶሎ ላገረሸባቸው ሕመምተኞች፣ አቅሙ ባለበት አገር፣ ካንሰሩን እንዲያጠቁ በላቦራቶሪ የተለወጡ የሕመምተኛው የራሱ ቲ-ሕዋሳት ከንቅለ ተከላው ይቀድማሉ።