የህዋስ በረኞች፦ ከማዕዳችን እስከ ኩላሊት ጠጠር

ሽሮ፣ ምስር፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ስንበላ ሰውነታችን ምግቡን እንዳለ አይጠቀምበትም። በምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በጨጓራና በትንሹ አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ሲሆኑ፣ 9ኙን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ጡንቻችን፣ ቆዳችንና ጸጉራችን፣ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም የሚሠሩት ከእነዚሁ ነው።

ሆኖም ምግቡ አንጀት ደረሰ ማለት ህዋስ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ህዋስ ከስብ በተሠራ ድርብ ስስ ሽፋን የታጠረ ነው። አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶች ደግሞ ከውኃ እንጂ ከስብ ጋር ስለማይስማሙ ይህን አጥር በቀላሉ አያልፉትም። ታዲያ በየት በኩል ይገባሉ?

በሩና በረኛው

አላህ (ሱ.ወ.) ለዚህ አጥር በር አብጅቶለታል። በሮቹ ራሳቸው ፕሮቲኖች ሲሆኑ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ይባላሉ። በሰው አካል ውስጥ አሚኖ አሲድን የሚያጓጉዙት ዓይነቶች ከ60 ይበልጣሉ። እያንዳንዱ የሚያሳልፈውን ለይቶ ያውቃል፤ በውስጡ ያለው ኪስ የሚስማማው ለተወሰኑ አሚኖ አሲዶች ብቻ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ በመጀመሪያ ወደ ውጭ ተከፍቶ ይጠብቃል። የሚስማማው አሚኖ አሲድ ኪሱ ውስጥ ሲቀመጥ ቅርጹን ይለውጣል፤ የውጩ በር ይዘጋል፣ የውስጡ ይከፈታል፣ እንግዳውም ይገባል። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም።

ለዚህ ሥራ ኃይል ያስፈልጋል። በህዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ሌላ ፕሮቲን፣ በጨው ውስጥ የምናውቀውን ሶዲየም ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ያወጣል፤ 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ይህን ፓምፕ በ1957 ይፋ ያደረገው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በውጭ የተከማቸው ሶዲየም ተመልሶ ሲገባ ብዙዎቹ አጓጓዦች አሚኖ አሲዱንም አብረው ያስገቡታል። ሌሎቹ ደግሞ አንዱን አሚኖ አሲድ አስወጥተው በምትኩ ሌላውን ያስገባሉ።

አንዱ በር ሲበላሽ

የዚህን ጸጋ ዋጋ የምናውቀው ሲጓደል ነው። ኩላሊታችን በቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራል። አሚኖ አሲዶችም አብረው ይወጣሉ፤ ነገር ግን በኩላሊት ቱቦዎች ላይ ያሉት በረኞች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም ይመልሷቸዋል።

በ1810 እንግሊዛዊው ዊልያም ወላስተን ከሰው ፊኛ የወጣ እንግዳ ዓይነት ጠጠር መርምሮ አስታወቀ። ጠጠሩ የተሠራበት ነገር በኋላ ሲስቲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። በ1951 ዴንት እና ሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህ ሕሙማን ሽንት ከሲስቲን ሌላ ላይሲን፣ አርጂኒንና ኦርኒቲን በብዛት እንደሚገኝበት ጠቅሰው፣ አራቱም የሚመለሱበት አንድ የጋራ መንገድ ሳይበላሽ እንዳልቀረ አስረዱ። በ1994 እና በ1999 ችግሩ ያለባቸው ሁለት ጂኖች ታወቁ። አንደኛው በሩን ራሱን ይሠራል፤ ሁለተኛው በሩን ወደ ቦታው የሚያደርሰውን አጋር ፕሮቲን ይሠራል። አንዳቸው ከተበላሹ በሩ በአግባቡ አያገለግልም።

ሦስቱ አሚኖ አሲዶች በሽንት ውስጥ ሟሙተው ይወጣሉ። ሲስቲን ግን በደንብ ስለማይሟሟ ይረጋል፣ ጠጠርም ይሆናል። ሲስቲኑሪያ የሚባለው ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። የጎን ውጋትና ደም የተቀላቀለበት ሽንት ምልክቶቹ ናቸው። ጠጠሩ ቢወጣም ስለሚመላለስ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የሚገርመው፣ በአንጀት ያለው ተመሳሳይ በር ቢበላሽም ሕሙማኑ በአሚኖ አሲድ እጥረት አይጎዱም። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ አሚኖ አሲዶችን የሚያስገባ ሌላ በር አለና። ሱብሃነላህ!

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። አዋቂ ሕመምተኛ በቀን ከ2.5 እስከ 3 ሊትር የሚደርስ ሽንት እንዲሸና የሚያስችል ውኃ እንዲጠጣ ይመከራል፤ የልጆችን መጠን ሐኪም ይወስናል። ሽንት ሌሊት ስለሚወፍር ከመኝታ በፊትና በሌሊትም መጠጣት ይገባል። ለሌሊት ሶላት የሚነሳ ሰው ይህን ልማድ ማድረግ አይከብደውም። ጨው መቀነስም ይረዳል። ይህ ካልበቃ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች አሉ።

በሽታው በአብዛኛው የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ሲሆን፣ ሁለቱም የተበላሸውን ጂን ከያዙ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማግባት በሸሪዓ የተፈቀደ ቢሆንም፣ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ከታወቀ ከኒካሕ በፊት ሐኪም ማማከር መልካም ነው። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ረመዳን ሲመጣ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ሽንትን ስለሚያወፍር ለዚህ ሕመምተኛ አደጋ አለው። ጾሙን በሚመለከት የሚያምኑት ሐኪምና ዐሊም ሊጠየቁ ይገባል። ለታመመ ሰው ፈቃዱ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 185 ላይ ተደንግጓል። መጾም የሚችልበት ጊዜ ያለው ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ዘላቂ ሕመም ያለበት ደግሞ ፊድያ ይከፍላል። ጓደኞቹ እንዳይታዘቡት ሕመሙን ደብቆ የሚጾም ወጣት፣ ኩላሊቱ አማና መሆኑን ከእናትና አባቱ አንደበት ሊሰማ ይገባዋል። ልጃችን ውኃ ሲጠጣ አይተን ከመውቀሳችን በፊት፣ በዓይን የማይታይ አንድ በር ተበላሽቶበት ሊሆን እንደሚችል እናስታውስ። አላህ የሰጠውን ሩኽሳ ሰው ሊነፍገው አይገባም።

ወላሁ አዕለም።