«ሀዲስ»፦ የኢሉባቡሩ መምህር መጽሐፍ

በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል የባሮን ወንዝ ለንግድ ከከፈተ ወዲህ፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ቡናውን ወደ ቆላ አውርዶ ጨውንና ጨርቁን ወደ ደጋ ሲያወጣ፣ ከሸቀጡ ጋር የባሕር ማዶ ሰዎችም ወደ ኢሉባቡር ይዘልቁ ነበር። በ1930ዎቹ መባቻ፣ በዚሁ አገር፣ ሱጴ በምትባል መንደር፣ ከሕንዳዊ ነጋዴና ከኢትዮጵያዊት እናት አንድ ሕፃን ተወለደ፤ እርሱም ኋላ ስሙ የገነነው ደራሲ በዓሉ ግርማ ነው።

ዕድል ያንን የገጠር ልጅ ወደ አዲስ አበባ አምጥታ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አስተማረችው፤ አሜሪካም ተሻግሮ ከተማረ በኋላ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ልቦለዱ «ከአድማስ ባሻገር» የከተማውን ምሁር ኑሮ የሚመረምር ሲሆን፣ በ1966 ዓ.ም. በታተመው «የህሊና ደወል» ግን የደራሲው ልቡና ወደ ተወለደበት ምድር ተመለሰ። ባለታሪኩ ሀዲስ ሳህሌ መስፍን ወይም የጦር አበጋዝ ሳይሆን በኢሉባቡር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚደክም መምህር ነው። ከአንድ ተራ መምህር ሐሳብ የብዙ ሕፃናት ዕጣ ፈንታ ሊለወጥ እንደሚችል ማሳየት፣ በእኔ አስተያየት፣ የበዓሉ ትልቁ ድፍረት ነው።

የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን መምህር ድካም ዋጋ አብልጦ ይረዳዋል። በመቱ ዙሪያ ቡናው ተለቅሞ ደጅ ላይ በተሰጣ ጊዜ፣ ሰማዩ ድንገት ሲጠቁር፣ እናት፣ አባትና ልጅ ያለ የሌለ ሥራቸውን ጥለው ስጡን ለማንሣት ይሯሯጣሉ፤ አንድ ደመና የዓመት ልፋትን ሊያበላሽ ይችላልና። ከእንዲህ ያለ ቤት አንድ ልጅ ለትምህርት መልቀቅ ለወላጆች ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

በዓሉ ግን በ«የህሊና ደወል» አልረካም። አብዮቱ ዘውዱን ካወረደ በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደ ገና አበጃጅቶ፣ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» ብሎ አሳተመው። በዚያው ዓመት «ኦሮማይ» የተባለው ልቦለዱ ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የ«ኦሮማይ» መከራ እጅግ ታላቅ በመሆኑ ብዙ ሰው በዓሉን በእርሱ ብቻ ያስታውሰዋል፤ ይህም ለኢሉባቡሩ መምህር በደል ይመስለኛል። ስለዚህ በተለይ የመቱና የጎሬ ወጣቶች ሁለቱን መጻሕፍት፣ አስቀድመው «የህሊና ደወል»ን አስከትለውም «ሀዲስ»ን፣ ጎን ለጎን ቢያነቧቸው፣ አንድ ደራሲ የወጣበትን አገር በሁለት ዘመን፣ አንዴ በዘውዱ ፍጻሜ አንዴም በአብዮቱ ውስጥ፣ እንዴት እንዳየው በገዛ ዓይናቸው ይመለከታሉ።