በስልክ የሚነገር ቁጥር እንዳይሳሳት

ቃል ከአፍ ወጥቶ ከጆሮ እስኪደርስ በመንገዱ የሚያጋጥመው ብዙ ነው። የቡሬ ነጋዴ በፍኖተ ሰላም ላለው ሸሪኩ «ሰባት ኩንታል በቆሎ ላክልኝ» ብሎ በስልክ ቢያዝ፣ የገበያ ጫጫታ የመጨረሻዋን «ት» የዋጠበት እንደ ሆነ ሰባቱ ሰባ ሆኖ ይደርሳል። በአንዲት ፊደል መጥፋት ያልታዘዘ 63 ኩንታል ተጭኖ መንገድ ይጀምራል፤ ኪሣራውን የሚከፍለው ማን ነው?

ብዙ ሰው መድኃኒቱ መጮህ ይመስለዋል። ክላውድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መልእክት ከመስመሩ አቅም ባላለፈ ፍጥነት ቢላክና ትርፍ ምልክት በብልሃት ቢጨመርበት፣ ሁካታ ሳለ ስሕተቱን እስከ ተፈለገው ድረስ ማሳነስ እንደሚቻል በሒሳብ አስረዳ። በ1950 ደግሞ ሪቻርድ ሃሚንግ በአራት አሐዝ ላይ ሦስት መጠበቂያ አሐዝ ጨምሮ፣ ከሰባቱ አንዱ ቢበላሽ የተበላሸው ታውቆ የሚታረምበትን ዘዴ አሳተመ። በየኪሳችን ያለው ስልክም ከዚህ የረቀቀ እንጂ ከዚህ ዓይነት ዘዴ የተለየ አይደለም።

እንዲህ ያለው ትርፍ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» የምንለው፣ ሦስቱ ፊደላት በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ በተጨመረው ቃል እንዲለዩ ነው። ቁጥር ግን እንዲህ ያለ መለያ አልወጣለትም። «ሰባት፣ ሰባት» እያሉ መደጋገምም ይረዳል እንጂ አይበቃም፤ ያው ጫጫታ ያችኑ «ት» ደግሞ ሊበላት ይችላልና። ነጋዴው «ከዐሥር በታች፣ ሰባት» ቢል፣ ሸሪኩም የሰማውን መልሶ ቢያሰማው ይሻላል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም የሒሳብ መምህራን ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምሩት ተማሪው ነገሩን ከገበያ ያውቀዋል።