ሁለት አረቄ በአንድ ብርጭቆ

በሜክሲኮ አገር ከአጋቬ ተክል ከሚወጡት አረቄዎች ይልቁንም ስማቸው የታወቀው ተኪላና ሜዝካል ናቸው። ተኪላ ራሱ በቀድሞ ዘመን «የተኪላ ሜዝካል» እየተባለ ይጠራ ስለ ነበር ዝምድናቸው የቅርብ ነው። አጋቬ የተባለውም ተክል ለገመድና ለከረጢት የሚውለውን ቃጫ ለሚሰጠው ተክል ወንድሙ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን መጠጦች የቀመሰ ሰው ልዩነታቸውን ወዲያው ይረዳል፤ ሜዝካል ጢስ ጢስ ይላልና።

የጢሱ ምክንያት አሠራሩ ነው። የተኪላ ሠሪዎች አብዛኞቹ የተክሉን እምብርት በእንፋሎት ያበስሉታል። የባላገር ሜዝካል ሠሪዎች ግን ጉድጓድ ቆፍረው፣ በውስጡ እንጨት አንድደው ድንጋይ ያግላሉ፤ በጋለውም ድንጋይ ላይ እምብርቱን ከምረው በአፈር ይደፍኑታል። እዚያም ለጥቂት ቀናት ተዳፍኖ ሲበስል ጢሱን እየጠጣ ይቆያል። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ለሚታጠንበት ቤት ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ጢስ ግን እንደ ጨው ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍናል። ይህን የተረዳው ፊል ዋርድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ «ዴዝ ኤንድ ኮ» በተባለው መጠጥ ቤት ሲሠራ፣ ሁለቱን አረቄዎች በአንድ ብርጭቆ አዋሕዶ «ኦሃካ ኦልድ ፋሽንድ» የተባለውን ኮክቴል አወጣ። ስሙም ሜዝካል በብዛት ከሚወጣበት ከኦሃካ ግዛት የተወሰደ ነው።

በቤት ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በበርሜል ጥቂት ወራት የቆየው፣ «ሬፖሳዶ» የሚባለው ተኪላ 45 ሚሊ ሊትር፣ ሜዝካል 15 ሚሊ ሊትር፣ የአጋቬ ሽሮፕ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዲሁም አንጎስቱራ የተባለው መራራ ቅመም ሁለት ርጭት ይበቃል። ሽሮፑ ባይገኝ ማር በጥቂት ሙቅ ውኃ ቀጥኖ ቢገባ መጠጡን አያዋርደውም። ይህ ሁሉ ከትልልቅ በረዶ ጋር ግማሽ ደቂቃ ያህል በቀስታ ይማሰላል። ከዚያ በኋላ ከብርቱካን ወፈር ያለ ልጣጭ ተቆርጦ በክብሪት ነበልባል ፊት ሲጨመቅ፣ ዘይቱ ብልጭ ብሎ በመጠጡ ላይ ያርፋል። ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከመጋረጃ ራቅ ብሎ ቢሠራ ይሻላል።

ፍሬው እንዲጎላ የሚወድ ሰው ሁለቱን አረቄዎች 30፣ 30 ሚሊ ሊትር አድርጎ፣ የአናናስ ጭማቂ 30፣ የሎሚ ጭማቂ 20፣ ሽሮፕ 10 ይጨምርና ከበረዶ ጋር አጥብቆ ይነጠው። ጭማቂ የገባበት ይናጣል፤ ያልገባበት ይማሰላል። አናናሱ ትኩስ ቢሆን እጅግ የተሻለ ነው። ሜክሲኮዎች የአጋቬውን እምብርት መልኩን አይተው «ፒኛ» ማለትም አናናስ ብለው መጥራታቸው የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነው።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ ዋናው ነገር በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ተኪላ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ከአጋቬ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሕጉ ከስኳሩ 51 በመቶው ብቻ የአጋቬ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ «100 በመቶ አጋቬ» የሚል ጽሑፍ መፈለግ ይገባል። በሜዝካል በኩል ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። በ2016 የወጣው የሜክሲኮ ደንብ መጠጡን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ያለ ተጨማሪ ስም «ሜዝካል» ብቻ የተባለው በእንፋሎት ሊበስል ስለሚችል ጢሱ የሳሳ ወይም ከናካቴው የሌለ ሊሆን ይችላል። «አርቴሳናል» ወይም «አንሴስትራል» የሚል የተጻፈበት ግን የቆየውን አሠራር የተከተለ ነው። ጢስ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ጢስ የሌለው ጠርሙስ ይዞ ቢሄድ ዳግመኛ ወደዚያ ሱቅ መመለሱ ያጠራጥራል።

የሜዝካል ስም በ1994 ለተወሰኑ የሜክሲኮ ግዛቶች ብቻ በሕግ ተከልሏል። ክልሉ በኋላ ቢሰፋም ከወሰኑ ውጭ የቀሩ ጠማቂዎች ያንኑ መጠጥ ሲያወጡ «ሜዝካል» የሚለውን ስም ሊሰጡት አይፈቀድላቸውም፤ በዋጋም ይጎዳሉ። የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 ተጀምሮ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በ2007 ወደ ስምምነት የደረሰውን ክርክር የሚያስታውስ ቡና ላኪ፣ ስም ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ያውቀዋል።

በሒሳቡ በኩል፣ በዋርድ ልክ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ሜዝካል ለ50 ብርጭቆ ይበቃል። ለዚያው 50 ብርጭቆ ልክ ሦስት ጠርሙስ ተኪላ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ኮክቴል አስቦ የሚያዝ ነጋዴ ለሦስት ሣጥን ተኪላ አንድ ሣጥን ሜዝካል ቢያስመጣ ዕቃው አብሮ ያልቅለታል፤ በአናናስ ለሚሠራው ግን እኩል በእኩል ማዘዝ ይኖርበታል።